መዝጋቢው ተጠያቂ፣ ተመዝጋቢው ባለመብት ይሁን

ሰው ቤት ሲሠራ እልፍኝና ጓዳ ለይቶ ይሠራል። እልፍኙ ለእንግዳ ክፍት ነው፤ ጓዳው ግን የባለቤቱ ነው። ቡና የተጠራ ጎረቤት እልፍኝ ተቀምጦ እስከ ሦስተኛው ይጠጣል እንጂ ጓዳ ዘልቆ ሌማት አይገልጥም። ይህን ሥርዓት ያወጣ ምክር ቤት የለም፤ ይሁን እንጂ በሀገራችን ከዳር እስከ ዳር ይከበራል። ጓዳ ያለው ሰው ሁሉ የተሰረቀ ዕቃ የደበቀ ነው ብሎ የተከራከረ ጎረቤትም እስከ ዛሬ አልሰማንም። ከዚህ የምንረዳው አንድ ዐቢይ ቁም ነገር አለ። ይኸውም ገመናን መጠበቅ ወንጀልን መሸሸግ ሳይሆን የሰው ልጅ የክብሩ አካል መሆኑ ነው።

ዛሬ ግን ጓዳው ከቤት ወጥቷል። በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ በቁጥር ተለውጦ ባለቤቱ በማያውቃቸው መዝገቦች ውስጥ ተቀምጧል። ለምሳሌ ያህል በጅማ ከተማ በሰቶ ሰመሮ ቀበሌ የሚኖር አንድ ሠራተኛ ዕለቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ እንመልከት። ጠዋት አጋሮ ላሉት ዘመዶቹ ይደውላል፤ ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው የስልክ ማማ አጠገብ ሆኖ እንደ ደወለ ይመዘገባል። የቀን ሥራውን ዋጋ በቴሌብር ይቀበላል፤ ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደ ሄደ ይመዘገባል። ወደ ባንክ ሲሄድ የፋይዳ ቁጥሩን ይጠየቃል። ከሰዓት በኋላ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ማስረጃ ለማውጣት ስሙን፣ የቤተሰቡን ቁጥርና አድራሻውን ይሰጣል። ማታ ደግሞ በጎማ ወረዳ የሚኖሩት እናቱ ስልክ ደውለው፣ ሰዎች መጥተው የቡና ማሳቸውን በስልክ ካርታ ለክተው መሄዳቸውን ይነግሩታል። እንግዲህ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ድረስ አምስት እጆች ስለ እርሱና ስለ ቤተሰቡ ጽፈዋል። እርሱ ግን ከአምስቱ መዝገቦች አንዱንም አላየም።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። የሚጽፈው እጅ ለማን ነው የሚጠየቀው? የተጻፈለት ሰውስ በተጻፈበት ነገር ላይ ምን መብት አለው?

መዝገብ በራሱ ጠላት አይደለም

ከሁሉ አስቀድመን አንድ የተሳሳተ አመለካከት እናስወግድ። መመዝገብ ሁሉ ክፉ ነው፣ መታወቂያ ሁሉ ወጥመድ ነው የሚል አቋም የለንም። በመሠረቱ መዝገብ የሌለው ደኻ ነው የሚጎዳው። ባለጸጋ በስሙ ይታወቃል፤ ዋስ አያጣም፤ በር ይከፈትለታል። ማስረጃ የሌላት አሮጊት ግን ልጇ ከሩቅ የላከላትን ገንዘብ ለማውጣት የሰው ስምና የሰው መታወቂያ ትለምናለች፤ ከገንዘቡም ላይ ለለማኝነቷ ትከፍላለች። ማሳው በስሙ ያልተጻፈለት ቡና አምራች ብድር ሲጠይቅ የሚያሲዘው ነገር የለውም። ስለሆነም ሰፊው ሕዝብ በስሙ መታወቁና ለንብረቱ ማስረጃ ማግኘቱ የሚደገፍ እርምጃ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት የተሰጠው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ከዚህ አኳያ ሲታይ ጠቃሚ ጎን አለው። ተመዝጋቢው ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑን፣ ፆታውንና አድራሻውን ይሰጣል፤ የአሥር ጣቶቹ አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖቹ ብሌን ምስልና ፎቶግራፉ ይወሰዳሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ ግን መዝገቡ የማይጠይቀውም ነገር መኖሩ ነው። በብዙ አካባቢ የነበረው የቀበሌ መታወቂያ ብሔር የሚል መስመር ነበረው፤ ፋይዳ ይህን መስመር አልያዘም።

አንዲት መስመር ምን ትጎዳለች የሚል ቢኖር ወደ አህጉራችን ሕዝቦች ታሪክ ይመልከት። በሩዋንዳ በቤልጂግ ቅኝ አገዛዝ ዘመን በመታወቂያ ላይ የተጻፈች የጎሣ መስመር፣ ነፃነት ከመጣ በኋላም ሳትሰረዝ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በየመንገዱ በቆሙት ኬላዎች ላይ የሚያልፈውንና የሚገደለውን የምትለይ ሆነች። መስመሯን በመጀመሪያ የጻፈው ጸሐፊ ስለዚያ ቀን ላያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ መዝገብ ከጸሐፊው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ዛሬ በበጎ ልብ የተጻፈ ነገር ነገ በማን እጅ እንደሚወድቅ ዋስትና የሚሰጠው የጸሐፊው ደግነት ሳይሆን ሕግና የሕዝብ ቁጥጥር ብቻ ነው።

የቀበሌ መዝገብ ታሪክ የሚያስተምረን

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት የራሳቸው ታሪክ በቂ ትምህርት ነው።

እንደሚታወቀው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አድርጎ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ቀበሌ የተባለው ድርጅት የዚያን ጊዜ ሥራው የሚጨበጥ ነበር። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶችን ኪራይ ይሰበስባል፤ መንገድ ያስጠግናል፤ የጎረቤት ጠብ ይዳኛል፤ ቆየት ብሎም በኅብረት ሱቅ አማካይነት ስኳርና ሌላውንም ሸቀጥ በቤተሰብ ቁጥር ያከፋፍላል። ለዚህ ሁሉ መዝገብ አስፈለገ። በቤቱ ስንት ሰው አለ? ማን ይባላሉ? ምን ይሠራሉ? እንግዳስ አለ? ነዋሪው ለስኳርና ለሳሙና ብሎ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ አስጻፈ። በዚያን ቀን ያስፈራው ነገር አልነበረም።

ነገር ግን በ1969 አዋጅ ቁጥር 104/1969 ወጥቶ ለቀበሌዎች የፍርድና የጥበቃ ሥልጣን ተጨመረላቸው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ። የቀበሌ መታወቂያ የሌለው፣ ስሙ በቤቱ መዝገብ ያልተገኘ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ዘመዱ ቤት ያደረ ወጣት ተጠርጣሪ ሆነ። ቀይ ሽብር በተባለው ዘመን፣ በ1969 እና በ1970፣ ለስኳር የተጻፈው መዝገብ ለሌላ ተግባር ተገለጠ። ስንት እናት ለራሽን ያስጻፈችው የልጇ ስም ለምን እንደ ዋለ በኋላ ተረዳች!

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት፣ ይህን የምናስታውሰው የድሮ ቁስል ለመቆስቆስ አለመሆኑ ነው። ከታሪክ የምንቀስመው ትምህርት አጭርና ግልጽ ነው፦ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መዝገብ ለሌላ ዓላማ እንዳይገለጥ የሚከለክል ሕግ፣ ሕጉንም የሚያስከብር አካል፣ አካሉንም የሚጠይቅ የነቃ ሕዝብ ከሌለ፣ መዝገቡ ወደ ተመዝጋቢው ይዞራል። ያኔ መዝገቡ ወፍራም ደብተር ነበር፤ አንዱን ደብተር ለማገላበጥ አንድ ሰው አንድ ሌሊት ይፈጅበት ነበር። ዛሬ የአንድ ከተማ ሕዝብ መዝገብ በጥፍር በምታክል ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ለመፈለግም ሰከንድ አይፈጅም። ስለዚህ ያኔ ያስፈለገው ጥንቃቄ ዛሬ በብዙ እጥፍ ያስፈልጋል።

ከሚታየው ኬላ ወደማይታየው ኬላ

የጅማ ሽማግሌዎች ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ሲያወጉ ኬላን ሳያነሡ አያልፉም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በነገሡት በእኚህ ንጉሥ ዘመን የጅማ ወሰን በጉድጓድ የታጠረ ነበር፤ መግቢያና መውጫው በኬላ ነበር። ወደ ሂርማታ የኃሙስ ገበያ የሚዘልቅ ነጋዴ ኬላ ላይ ይጠየቃል፤ ቀረጥ ይከፍላል፤ ያልፋል። ኬላ ለመንገደኛው አይጥመው ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር ነበረው፤ ኬላውም ኬላ ጠባቂውም ይታያሉ። መንገደኛው መቼ እንደ ተፈተሸ፣ ማን እንደ ፈተሸው፣ ምን እንደ ተወሰደበት ያውቃል። በደል ቢደርስበት ወደ ጅሬን ወጥቶ አቤት ሊል ይችላል።

የዛሬው ኬላ አይታይም። በ1989 ኢንተርኔት በሀገራችን አገልግሎት መስጠት ከጀመረ ወዲህ የሰው ደብዳቤ፣ ወሬና ግብይት በማይታዩ በሮች ያልፋል። ሠራተኛው በበሩ ማለፉን እንኳ አያውቅም። ባለማወቁም አቤት የሚልበት ነገር የለውም። የዘመናችን ዋና ቅራኔ እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ በኩል ተመዝጋቢው ለመዝጋቢው እንደ ብርጭቆ የጠራ ሆኗል፤ በሌላ በኩል መዝጋቢው ለተመዝጋቢው እንደ ግድግዳ የተደፈነ ነው።

ሕጋችን ይህን ቅራኔ ሳይመለከት ቀርቷል ማለት አይቻልም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱ ሰው የግል ሕይወት የተከበረ መሆኑን፣ በፖስታ የሚላከው ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው። ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 በበኩሉ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ያዛል። ግንኙነትን ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚያስፈልግ ካስቀመጠ በኋላ፣ አስቸኳይ ሲሆን ዐቃቤ ሕጉ ፈቅዶ ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ያደርጋል። እንግዲህ ሕጉ የኬላውን ቁልፍ ለፍርድ ቤት ሰጥቷል። ጥያቄው ቁልፉ በተግባር ፍርድ ቤት ዘንድ መኖሩን የሚያረጋግጠው ማን ነው የሚለው ነው።

ይህ ባዶ ሥጋት እንዳልሆነ የቅርብ ዘመን ታሪካችን ይመሰክራል። በሚያዝያ 2006 ዞን 9 በሚል ስም ይጽፉ የነበሩ ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታስረው በሽብር ተከሰሱ። በክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ በተባለ፣ ማንም ሰው ሊያገኘው በሚችል የትምህርት መሣሪያ የግል ግንኙነትን ከጠላፊ መጠበቅ መማራቸው ነበር። በሐምሌ 2007 ለአምስቱ ክሱ ተቋረጠ፤ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብሩ ክስ ነፃ ተባሉ። ፍርዱ መልካም ነው። ነገር ግን ደብዳቤን በፖስታ ማሸግ የወንጀል ምልክት ተደርጎ የሚቆጠርበት አስተሳሰብ በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ አይጠፋም።

በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ቡድን ደግሞ በ2005 እና በ2006 ባወጣቸው ዘገባዎች፣ በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊንፊሸር እና ሀኪንግ ቲም ከተባሉ የአውሮፓ ኩባንያዎች ምርቶች ጋር በተያያዘ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒዩተራቸው መጠቃቱን ገለጠ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2007 መጨረሻ ላይ የሰውን ጓዳ የመግለጥ መሣሪያ ይሸጥ የነበረው ሀኪንግ ቲም ራሱ ተጠልፎ፣ ከደንበኞቹ ጋር የተጻጻፈው ደብዳቤ ሳይቀር በአደባባይ ተዘረገፈ። ከዚህ ሊታበል የማይችል ትምህርት እናገኛለን። የሌላውን ጓዳ ለመክፈት የተሠራ ቁልፍ የሠሪውንም ጓዳ ይከፍታል። አንድ ቦታ የተከማቸ ምስጢር ሁሉ አንድ ቀን ሊፈስ እንደሚችል ታስቦ መያዝ አለበት።

የቡናው ማሳና ስድስቱ አሃዞች

በጅማ ዙሪያ ላሉት የቡና ከተሞች፣ ለአጋሮ፣ ለየቡ፣ ለሊሙ ገነትና ለሌሎቹም፣ ጉዳዩ ከስልክ አልፎ ማሳ ድረስ ገብቷል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ሁሉ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫው ደግሞ የማሳው አቀማመጥ ነው። ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ማሳ በአንድ ነጥብ ይመዘገባል፤ ከዚያ የሚበልጠው ዙሪያ ወሰኑ ይመዘገባል። ነጥቡ ከዴሲማል በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር መሆን አለበት። ስድስተኛው አሃዝ በምድር ላይ ሲለካ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። የደንቡ ተፈጻሚነት ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትላልቆቹ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2026 መጨረሻ፣ ለአነስተኞቹ እስከ 2027 አጋማሽ ጊዜ ተሰጥቷል። ይሁን እንጂ ልኬቱ በመካሄድ ላይ ነው።

ደንን መጠበቅ የምንደግፈው ዓላማ ነው። ደን ለጅማ ሕዝብ ከአውሮፓ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ ቡናው ራሱ ያደገው በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ከስንዝር ባነሰ ልክ የተለካው የገበሬው ማሳ ቁጥር ከማኅበሩ ወደ ላኪው፣ ከላኪው ወደ አስመጪው፣ ከአስመጪው ወደ አውሮፓ መዝገብ ሲጓዝ ባለማሳው ቅጂው አለውን? ቁጥሩ ከተሳሳተስ? በጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና ከሰማይ ላይ በሳተላይት ሲታይ ደን ይመስላል፤ ገበሬው ጥላውን ለማሳሳት ሁለት ዛፍ ቢቆርጥ ደን መነጠረ ሊባል ይችላል። በአያት በቅድመ አያቱ ማሳ ላይ የሚኖር ሰው ሩቅ ሀገር በተቀመጠ ማሽን ላይ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍበት ወዴት ሄዶ አቤት ይላል? ማሳውንም የለካው ድርጅት ቁጥሩን ለራሱ ሀብት አድርጎ ቢይዘውና ገበሬው ቡናውን ለሌላ ገዢ ልሽጥ ሲል ቢከለክለው፣ ገበሬው በገዛ መሬቱ ቁጥር ታሰረ ማለት ነው።

ስለ ልኬቱ ለገበሬው የሚቀርበው ወረቀት ደግሞ በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። በጅማ ዙሪያ ያለ ገበሬ በአፋን ኦሮሞ ተነጋግሮ፣ ባልገባው ቋንቋ በተጻፈ ቅጽ ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ ፈቀደ ሊባል አይገባም። ፈቃድ የሚባለው ነገሩን ከተረዱ በኋላ እሺ ማለት ነው። አሻራ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

ይህ ጥያቄ በሌሎች ሀገሮችም ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሁዱማ ናምባ በተባለው ምዝገባ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ የዜጎችን የዘር ቅንጣትና የቤታቸውን የጂ.ፒ.ኤስ. አቀማመጥ መሰብሰብ ሕገ መንግሥቱን ይፃረራል ብሎ፣ ምዝገባውም በቂ የሕግ ጥበቃ ሳይኖረው እንዳይቀጥል አዘዘ። በሕንድ ደግሞ ከአንድ ቢልዮን በላይ ሕዝብ በአሻራና በዓይን ብሌን ከተመዘገበ በኋላ፣ የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ገመና መሠረታዊ መብት መሆኑን አረጋገጠ። በሚቀጥለውም ዓመት መታወቂያው ሳይፈርስ፣ የግል ኩባንያዎች ቁጥሩን በግድ መጠየቅ እንደማይችሉ ወሰነ። ሁለቱም ፍርዶች የሚያሳዩት አንድ እውነት ነው፤ መዝገብንና መብትን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

የተመዘገበው ሲቆረጥ

የዚሁ ጉዳይ ሌላው ገጽ መስመርን መዝጋት ነው። በግንቦት 2008 የብሔራዊ ፈተና ወረቀት በማኅበራዊ መገናኛዎች ወጥቶ ፈተናው ከተሰረዘ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተዘጋ። በሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ መገደሉን ተከትሎ በተነሣው ሁከት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋረጠ፤ ጅማም ከተቋረጠባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በ2013 ጦርነት ሲጀመር የትግራይ ሕዝብ ከስልክ፣ ከኢንተርኔትና ከባንክ ለረጅም ጊዜ ተቆርጦ ኖረ።

ጥላቻን የሚዘራ፣ ደም የሚያፋስስ ወሬ መገታት እንዳለበት አንክድም። ነገር ግን አንድ ሰው ውኃ መረዘ ተብሎ የከተማው ቧንቧ ሁሉ ሲደፈን፣ የሚጠማው መራዡ ብቻ አይደለም። ሰውን ሁሉ በኔት መረብ ላይ እንዲመዘገብ፣ በኔት መረብ እንዲከፍል ከጠራነው በኋላ መረቡን መዝጋት በሩን ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ቦርሳውንም ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ የሚዘጋው ማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ሕግ፣ ለስንት ቀን እንደሚዘጋ ሕዝብ የማወቅ መብት አለው።

ሂስና ግለ ሂስ

ጣታችንን ወደ መንግሥትና ወደ ኩባንያ ብቻ ቀስረን ብናበቃ የጽሑፋችን ግማሽ ይጎድላል። እኛስ? የነዋሪ ማኅበር አባላት፣ የእድር ዳኞችና ሰብሳቢዎች፣ ተራ ጎረቤቶች የሌላውን ጓዳ እንዴት ይዘነዋል?

ቀድሞ የእድር ለፋፊ ጥሩምባውን ይዞ ማለዳ ሲዞር የሚያሰማው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ነበር። ዛሬ በብዙ ሠፈር የቴሌግራም ቡድን ተተክቷል። በዚያም መዋጮ ያልከፈለው ሰው ስም ከነዕዳው ይለጠፋል፤ ሆስፒታል የተኛች እህት ፎቶግራፍ ከነበሽታዋ ይሰራጫል፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ድምፅ ተቀድቶ ይላካል። የአንዲት ወጣት ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዷ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር «ላኩልኝ እንጂ እኔ አላነሣሁም» የሚል ምክንያት እንሰጣለን። ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቅጂ የያዘ የእርዳታ ፈላጊዎች ዝርዝር ሁለት መቶ ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ይጣላል። ቴሌብርን መጠቀም ያልለመዱ አዛውንት የምስጢር ቁጥራቸውን ለሱቅ ልጅ ይነግራሉ፤ እኛም አይተን እናልፋለን።

ቃሉ ከአፍ ወጥቶ በነፋስ ይጠፋ በነበረበት ዘመን ሐሜት ዕድሜው አጭር ነበር። ዛሬ የተለጠፈ ነገር አይጠፋም። ልጅቱ አድጋ ሥራ ስትፈልግ፣ ባለዕዳው ዕዳውን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ፣ የታመመው ከዳነ በኋላ ያው ወሬ ይጠብቃቸዋል። ከመንግሥት መዝገብ ላይ የምንጠይቀውን ጥንቃቄ በእድራችን ደብተር ላይ ካላደረግን ጥያቄያችን ክብደት አይኖረውም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከዘረዘርነው ተነሥተን ምን መደረግ እንዳለበት እናመልክት። መሣሪያው በእጃችን አለ። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለተመዝጋቢው መብት ሰጥቷል፤ ስለ እርሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የማየት፣ የተሳሳተውን የማስታረም፣ በሕግ በተወሰነው ሁኔታ የማሰረዝና የመቃወም መብት አለው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም አዋጁን እንዲያስፈጽም ኃላፊነት ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ መብት ሰው ካልጠየቀው ታትሞ ይቀራል።

ስለሆነም ማንኛውም ነዋሪ፣ ማንኛውም ሠራተኛና ቡና አምራች፣ መዝጋቢ በሩን ባንኳኳ ቁጥር አምስት ጥያቄዎችን ሳያፍር ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ምን ምን ልትጽፍ ነው? ለሥራህ የማያስፈልግህን ለምን ትጠይቀኛለህ?

ሁለተኛ፣ ለምን ዓላማ ነው? ለዚህ የሰጠሁህን ለሌላ እንዳታውለው የሚከለክልህ ምንድን ነው?

ሦስተኛ፣ ማን ያየዋል? ለማንስ ትሰጠዋለህ?

አራተኛ፣ እስከ መቼ ትይዘዋለህ? ሥራው ሲያበቃ ምን ታደርገዋለህ?

አምስተኛ፣ ብትሳሳት ወይም ብትበድለኝ ወዴት አቤት እላለሁ? የጻፍከውንስ ቅጂ ትሰጠኛለህ?

እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ሥራን ማደናቀፍ አይደለም። በቀን ሥራ የጣቱ መስመር የተላጨበት ሠራተኛ አሻራው በማሽኑ አልነበብ ሲል «አንተ የለህም» ተብሎ እንዳይመለስ፣ ሌላ መንገድ እንዲከፈትለት መጠየቅ መብቱ ነው። የቡና ማኅበራት በበኩላቸው የማሳ ልኬት ቅጂ ለእያንዳንዱ ባለማሳ በሚያነበው ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ቁጥሩም የገበሬው እንጂ የለኪው ሀብት እንዳልሆነ በውላቸው ውስጥ ማስገባት ይገባቸዋል። እድሮችም በጠቅላላ ጉባኤያቸው ላይ በቡድን መልእክት ምን እንደሚለጠፍና ምን እንደማይለጠፍ በመተዳደሪያ ደንባቸው ይወስኑ። የቀበሌ ሠራተኞች ደግሞ አንድ ነገር ዘወትር ያስታውሱ። በመስኮቱ ወዲያና ወዲህ ያሉት ሰዎች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዛሬ ጸሐፊ የሆነው ነገ በሌላ መስኮት ተመዝጋቢ ይሆናል።

የሰቶ ሰመሮው ሠራተኛ ነገም ማልዶ ይነሣል። ይደውላል፣ ይከፍላል፣ ይመዘገባል። ይህን ማስቀረት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለ እርሱ የጻፉት አምስቱ እጆች የማን እንደ ሆኑ ማወቁ፣ የጻፉትንም «አሳዩኝ» ማለት መቻሉ ነው። እልፍኛችን ለሥራና ለእንግዳ የተከፈተ ይሁን። ጓዳችንን ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሚዘልቀው አይኑር፤ ሕግ አስገድዶት የሚገባ ቢኖር እንኳ በቀን ብርሃን፣ በፍርድ ቤት ወረቀት፣ ስሙን ተናግሮ ይግባ!